የእትዬ አስካለ የውኃ መዝጊያ

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ባለበት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ወስዷችሁ ያውቃል? እኔን አይወስደኝም። ሰው ስለ ትንኝ ያማርራል። ትንኝ እኮ ቢያንስ ጠግባ ትሄዳለች! ቧንቧ ግን አትጠግብም፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በቀደም አንድ ወዳጄ ቤት ተጋብዤ እጄን ልታጠብ ስገባ ያቺን ድምፅ ሰማኋት። ወዳጄ ፎጣ ይዞ ተከትሎኝ ነበርና አፈር አለ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የቧንቧዋን አናት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ያጠብቃት ጀመር። ጠበቅ ሲያደርጓት ትተዋለች አለኝ። ሳቄ መጣ። ይቺኑ ሐሳብ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ላይ በስብሰባ ስትጸድቅ አጨብጭቤላታለሁ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ቧንቧ ከባድ ነገር አይደለም። ውኃ ከመንገድ በብረት ቱቦ ትመጣለች፤ በቆጣሪ ታልፋለች፤ ግቢ ትገባለች፤ መጨረሻ ላይ አፏን የሚዘጋባት ነገር አለ። የሚዘጋት ብረቱ ይመስላችኋል። አይደለም። በብረቱ ጫፍ ላይ የተሰካች፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ላስቲክ ናት። ጎሚኒ ይሏታል። ጎሚኒ እንደማናችንም ታረጃለች፤ ትደርቃለች፤ ትሰነጠቃለች። ያኔ ውኃ ማሾለክ ይጀምራል። ታዲያ ያረጀችውን ላስቲክ በጉልበት ብታጠብቋት ምን ታተርፋላችሁ? ትፈጯታላችኋ! ዛሬ በጠብታ የነበረው ነገ እንደ ክር ይወርዳል። መድኃኒቱ ቧንቧዋን ፈትቶ አዲስ ጎሚኒ ማግባት ነው። ከመፍታት በፊት ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ቦታው ስንደርስ እነግራችኋለሁ። እኔም ቦታው ስደርስ ነው ያወቅኩት።

ያኔ ናዝሬት ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ከሚስቴ ከአልማዝ ጋር ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ የቀበሌ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። የቀበሌ ቤት አልኩ እንጂ ግቢው በሙሉ የእትዬ አስካለ ነበር። ባላቸው ነፍሳቸውን ይማርና ከወለንጪቲ እህል እያመጡ ሲነግዱ ያሠሯቸው ቤቶች ናቸው። የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ትርፎቹ ተወረሱ፤ ለእትዬ አስካለ የሚኖሩባት ትልቋ ቤት ቀረችላቸው። ብዙ አላለቀሱም። እግዜር ሰጠ፣ መንግሥት ነሳ ብለው በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ።

አንዲት ነገር ግን አልዋጥ አለቻቸው። መቼም ሰው ሰው ቤት ሲሄድ ደጁ ላይ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል። ከውስጥ ማነው እስኪባል ይጠብቃል። ማንነቱን ይናገራል። ግባ ሲሉት ይገባል። የተጣላም፣ የሚጠይቅም፣ ሊያስርም የመጣ እንደዚያው ነው። ከአዋጁ ወዲህ ግን የቀበሌ ሰዎች መዝጊያውን ወለል አድርገው፣ ግቢውን ሰንጥቀው፣ እትዬ አስካለን በዓይናቸው እንኳ ሳያዩ ያልፋሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! የሰፊው ሕዝብ ግቢ አይቆለፍም ተብሎ የውጭው በር ትልቅ ጓጉንቸር ሳይቀር ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተወስዷል። የጣሊያን ሥራ ነው፤ ከጡብ አያንስም። እትዬ አስካለ ስለ ቤቶቹ ሲያወሩ አልሰማሁም። ስለ "ቤቶች" ግን በየቀኑ ያወራሉ። ሰው እንደ ዶሮ እየዘለለ የሚገባበት ዘመን ላይ አደረሰኝ ይላሉ።

እንግዲህ በዚህ ግቢ መሐል ለአራት አባወራ አንዲት ቧንቧ ነበረች። ማንጠባጠብ ጀመረች። በጤናማ አገር ቢሆን አንድ ሰው አይቶ ያሠራታል። እኛ ስብሰባ ተጠራን።

ስብሰባውን የመራው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግርማ ነው። እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ከኢኮኖሚያችን የምትፈስ ደም መሆኗን አስረዳ። ጠላት መልኩን እየለዋወጠ እንደሚመጣ አስረዳ። ከዚያ መድረኩ ለውይይት ክፍት ሆነ። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይላሉ፤ እኛ ግን ለሦስት ሰዓት ወቀጥነው። በመጨረሻም ቧንቧዋ የምታንጠባጥበው ተጠቃሚው ጠበቅ አድርጎ ስለማይዘጋት ነው ተብሎ ተወሰነ። ለማጥበቁ ሥራ ኦቦ ቱፋ ተመረጡ። ኦቦ ቱፋ ጋሪ ነጂ ናቸው፤ ፈረስ የሚያቆም ክንድ አላቸው። እኔ ደግሞ የቧንቧ ተጠሪ ሆንኩ። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ፒንሳ ስላለኝ ነው። እትዬ አስካለ የቀድሞ አከራይ ስለሆኑ በስብሰባው አይካፈሉም፤ በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ግን አንዲት ቃል እንኳ አላመለጠቻቸውም።

ኦቦ ቱፋ ማታ ማታ ፈረሳቸውን ፈትተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያጠብቃሉ። ቧንቧዋ ሲጥ ትላለች። ጠዋት ስንነሳ ብሶባታል። ስንሰበሰብ፣ የበለጠ ይጠብቅ ይባላል። እሳቸውም የበለጠ ያጠብቃሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠብ ጠብ የነበረው ችርር አለ። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠጋ ብለው፣ መምህር፣ ይቺ ነገር ማጥበቁን የወደደችው አይመስለኝም አሉኝ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ በውኃ አይሻርም።

በዚሁ ሰሞን ጓድ ግርማ ግቢያችንን አርአያ ግቢ ሊያደርጋት አሰበ። ሥራውን የጀመረው ከቧንቧዋ እንዳይመስላችሁ። ከመፈክሩ ጀመረ። ከፓፓያው ዛፍ ሥር ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተተከለ፤ ሁለት የብረት እግር፣ ከሥሩ ወፍራም ኮንክሪት። ጽሑፉ ቀይ ነው፤ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!" ይላል። ያን ቀን ውኃ ጠፍታ ነበርና ሲሚንቶ ማቡኪያ ሲቸግር እትዬ አስካለ ከራሳቸው በርሜል ቀድተው ሰጡ። ሲመረቅም ከበረንዳቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ጓድ ግርማ ልቡ ተነካ። አያችሁ፣ ንቃታቸው እያደገ ነው አለን።

ቀጥሎ ያለው የእኔ መከራ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአውራጃ ትልልቅ ጓዶች አርአያ ግቢዋን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተነገረ። ጓድ ግርማ ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ እሑድ ያቺ ቧንቧ አንዲት ጠብታ ብትጥል እንደ ተራ ብልሽት እንደማይታይ ነገረኝ። አሻጥር ነው አለ። ተጠሪው ማን እንደሆነ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። እናንተ ያን ዘመን የምታውቁ፣ አሻጥር የምትለዋ ቃል አንድ ሰው ላይ ከተለጠፈች በምን ሳሙና እንደምትለቅ ንገሩኝ። በሌላ ቀበሌ አንድ የማውቀው ሰው በተቃጠለ ጄኔሬተር ምክንያት እስር ቤት ገብቶ፣ ሲወጣ ልጁ ዳዴ ትታ ትሮጥ ነበር። ፈራሁ። ለአልማዝ ስነግራት ሳጥን ከፍታ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አወጣችና አጣጥፋ በር ሥር አስቀመጠችው። ተስፋ ያላት ሴት ናት፤ ግን አርቃ ታስባለች።

ቅዳሜ ጋራዥ የሚሠራ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ፤ የጎሚኒን ምስጢር የሰማሁት ያኔ ነው። በሱቅ አይገኝም። ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ መሐሏን በምስማር በስቼ፣ ጎሚኒ የምትመስል ነገር ሠራሁ። ጂራቱቦ የሚሉትን ትልቅ መፍቻ አዋሰኝ። እሑድ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ቧንቧዋ ፊት ቆምኩ። ወዳጄ አደራ ያለኝ ነገር ነበር፤ ከመፍታትህ በፊት ውኃውን ከምንጩ ዝጋ። ይኸው ቦታው ደረስን! ቆጣሪው ጋ ሄጄ አየሁ። እዚያ ያለችው መዝጊያ በዝገት ተበልታ፣ አናቷ ተሰብሮ፣ ጉቶዋ ብቻ ቀርቷል። ምን ላድርግ? ተመልሼ ቧንቧዋን ከፈትኳት። ጠብ የሚል ነገር የለም። ውኃ ጠፍታለች!

ተመስገን አልኩ። የናዝሬት ሰው ሁሉ እንደዚህ ነበርኮ የሚያስበው። ውኃ እንደሆነ መንግሥት ይዘጋዋል፤ እኛ ምን አደከመን? አናቷን በጂራቱቦ ይዤ ፈታኋት። ወጣች። አሮጌዋን ጎሚኒ አየኋት፤ የኦቦ ቱፋ ክንድ ዱቄት አድርጓታል። አዲሷን ልሰካ አጎነበስኩ። በዚያች ቅጽበት ቱቦው ውስጥ ነፋስ አፏጨ። የናዝሬት ሰው ይህን ፉጨት በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል። ኦቦ ቱፋ ከጋጣው ሆነው፣ ውኃ በጠፋች ቁጥር ስትመለስ እንደሚሉት፣ በደስታ "ቢሻን ዱፌ!" አሉ። ውኃ መጣች ማለታቸው ነው። መምጣቷንማ እኔ ነኝ ቀድሜ ያወቅኩት፤ ፊቴ ላይ ነው የመጣችው።

እንደዚያ አድርጋ መጥታ አታውቅም። ወደ ላይ ፓፓያውን አክላ ተነሳች። በአውራ ጣቴ ልደፍናት ሞከርኩ፤ መነጽሬን ይዛው ሄደች። አልማዝ ጨርቅ አመጣች፤ ተፋችው። ኦቦ ቱፋ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቀርጸው በመዶሻ መቱባት። ትንሽ ጸጥ አለች። ከዚያ ቆረቆንዳው እንደ ጥይት ወጥቶ መፈክሩ ላይ፣ "ተፈጥሮን" የሚለው ጋ ጓ አለ። ጎረቤት ባልዲ፣ በርሜል፣ ድስት ይዞ ተሰልፎ ይቀዳል፤ ይመርቀኛል። ግቢው ሐይቅ ሆነ። ኦቦ ቱፋ ጋሪያቸውን አስነስተው ውኃ ክፍል መሥሪያ ቤት ድረስ በረሩ። ዘበኛው ዛሬ እሑድ ነው፤ ለማንኛውም ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ ብሎ መለሳቸው።

ጓድ ግርማ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ደረሰ። ውኃው ከጉልበቱ በታች ያለውን ሱሪ በሙሉ አረጠበበት። መዝጊያው የት ነው ብሎ አልጠየቀም። አይጠየቅም እንዲህ ያለ ነገር! ዓይኔን ትክ ብሎ አየና ነው የጠየቀኝ።

"ከበስተጀርባህ ያለው ማን ነው?"

ዞር ብዬ አየሁ። የኦቦ ቱፋ ፈረስ ነበር፤ ውኃ ይጠጣል።

ይህን ስነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። አልማዝ ብርድ ልብሱን አንስታ ታቅፋለች። አብዮት ጠባቂው ክንዴን ይዟል። እንግዶቹ ሊመጡ የቀራቸው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ያኔ ኦቦ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ይህን ቱቦ ያስቀበሩት የእትዬ አስካለ ባል አይደሉ እንዴ አሉ። ሌላ መዝጊያ ካለ የሚያውቁት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው።

ሁላችንም ወደ በረንዳው ዞርን። እትዬ አስካለ ምስራቸውን ይለቅማሉ። በጓድ ግርማ ትእዛዝ እኔ ተልኬ ጠየቅኳቸው። ማን ላከህ አሉኝ። ስነግራቸው፣ እሱ ምላስ የለውም ወይ አሉ። ጓድ ግርማ ከግቢው መሐል እንደቆመ፣ የውኃ መዝጊያው ያለበትን ባስቸኳይ ለኮሚቴው እንዲያሳውቁ አዘዘ። ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ግቢው የኔ መሰለህ? የሰፊው ሕዝብ ነው። ሰፊው ሕዝብ ይኸው ባልዲ ይዞ ቆሞልሃል፤ ጠይቀው።"

ጠየቀን። እኛ ሰፊው ሕዝብ እግራችንን አየን። ጓድ ግርማ ሰዓቱን አየ፤ ውኃውን አየ፤ መፈክሩን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ቤቶቻቸው እንዲመለሱላቸው የሚጠይቁ መስሎት ነበር፤ ሁላችንም መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ሰው ሰው ቤት ሲመጣ እንዴት እንደሚገባ እናትህ አላስተማረችህም ወይ አሉት። ሌላ አልጨመሩም። ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ነገሩ ገባው። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ጠቆረ። በስብሰባ ስንቱን ያስለቀሰ ሰው፣ በረጠበ ሱሪው ጨብ ጨብ እያለ፣ ግቢውን አቋርጦ ከውጭው በር ወጣ። መዝጊያውን ዘጋው። ውኃዋ ብቻ ናት የምትጮኸው። በሩ ተንኳኳ።

"ቤቶች!"

"ማነው?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ጓድ ግርማ።"

"ጓድ የሚባል ዘመድ የለኝም። የማን ልጅ ነህ?"

"ግርማ ነኝ፤ የዘነበች ልጅ።"

"እንዲህ አትልም ኖሯል? ግባ ልጄ፣ ግባ። እግርህን ጥረግ።"

እዚያ ሐይቅ ውስጥ እግሩን ጠረገ። በዓይኔ አይቻለሁ። ገባና እንደገና መዝጊያው የት እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ያሁኑ አጠያየቅ ደህና ነበር፤ እትዬ የምትል ነገር ነበረችበት። እትዬ አስካለ ምስሩን አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ፓፓያው አመለከቱ። መፈክሩ ሥር ነው አሉ። ባላቸው ያስቀበሯት የውኃ መዝጊያ ከነጉድጓዷ፣ ኮንክሪቱ ሥር፣ በደንብ ተቀብራለች።

ጓድ ግርማ ሰሌዳው ሲተከል ለምን ዝም አሉ ብሎ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እሳቸው ቀደሙት። ማን ጠየቀኝ? ውኃ አጣን አላችሁ፤ ውኃ ሰጠሁ። አጨብጭቡ አላችሁ፤ አጨበጨብኩ። ምን ጎደለ?

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መፈክሩን ማን ያፍርስ? መዶሻው አለ፤ ክንዱም አለ። ግን "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን" የሚለውን መፈክር በመዶሻ የመታ ሰው ነገ ምን ይባላል? ኦቦ ቱፋ ክንዴን አሞኛል አሉ። አብዮት ጠባቂው መሣሪያ ስለያዝኩ አይመቸኝም አለ። እኔ ተይዣለሁ። በመጨረሻ ጓድ ግርማ ራሱ መዶሻውን ተቀብሎ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መታው። ኮንክሪቱ ተሰነጠቀ። አንዴ ከተሰነጠቀ ወዲያ የሁላችንም ክንድ ዳነ። እኔም ስመታ ደስ እንዳለኝ ለምን እደብቃችኋለሁ? መዝጊያዋን አገኘናት፤ በግሪስ ተለቅልቃ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ እንደ አዲስ ናት። በሁለት ጣት ዘጋኋት። ውኃዋ ተንበረከከች።

ጎሚኒዋን ለመሰካት ሻይ የሚፈላበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። ጓዶቹ ሲደርሱ ግቢው ረጥቦ አቧራው ተኝቷል። ከመካከላቸው ትልቁ ሰሌዳው ለምን መሬት እንደተጋደመ ሲጠይቅ፣ ጓድ ግርማ ተፈጥሮ ላይ የመጨረሻው ርብርብ እየተካሄደ መሆኑን አስረዳው። ሰውየው ቧንቧዋን ከፈታት፤ ዘጋት፤ ጎንበስ ብሎ አያት። አንዲት ጠብታ የለችም። ጭብጨባ ሆነ። አልማዝ ብርድ ልብሱን ወደ ሳጥኑ መለሰችው፤ እኔም እንባዬ የመጣው ያንን ሳይ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚል ትምህርት ነበረው። የሚቀጥለውን ግን የማውቀው እኔ ነኝና ልንገራችሁ። ጓድ ግርማ ትምህርት መውሰዱንስ ወሰደ፤ የወሰደው ግን የራሱን ነው። በሳምንቱ ስብሰባ ጠራ። የውኃ መዝጊያን የሚያህል ስትራቴጂያዊ ነገር ያለ ጥበቃ መተው ስህተት እንደነበር ተገመገመ። ጉድጓዷ ላይ የብረት ክዳን ተሠራ። ክዳኑ በጓጉንቸር ተቆለፈ። ቁልፉ ጓድ ግርማ ኪስ ገባ። ኦቦ ቱፋም ወደ ማጥበቁ ሥራቸው ተመለሱ፤ ውሳኔው አልተሻረም ነበርና። ጎሚኒ ሲያጠብቋት እንደምትፈጭ ደጋግሜ ተናገርኩ፤ ሐሳቤ ተመዘገበ።

እንደተጠበቀው ያቺ የከመነዳሪ ጎሚኒ ክረምቱን እንኳ አልተሻገረችም። አንድ ጠዋት ኦቦ ቱፋ ጠበቅ ሲያደርጉ የቧንቧዋ አናት ተበጥሳ እጃቸው ላይ ቀረች። እንደገና ፓፓያውን የሚያክል ውኃ! ጓድ ግርማን ብንፈልግ ለስልጠና አዲስ አበባ ሄዷል፤ ቁልፉም አብሮት ሰልጥኗል። ምክትሉ መጣና ጓጉንቸሩን መስበር በመንግሥት ንብረት ላይ እጅ ማንሳት ስለሆነ እንወያይ አለ። ሕዝቡ ውኃው ውስጥ ቆሞ መወያየት ጀመረ።

እኔ ቀስ ብዬ ከውጭው በር ወጣሁ። መዝጊያውን ዘጋሁ። አንኳኳሁ። "ቤቶች!" አልኩ።

ማነው አሉ። መምህሩ መሆኔን፣ የማን ልጅ እንደሆንኩም ጭምር ተናገርኩ። ግባ አሉኝ። እግሬን ጠረግኩ። እትዬ አስካለ ምስራቸውን አስቀምጠው ከመቀነታቸው ውስጥ አንዲት የቆየች ቁልፍ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ቁልፏን አየሁ፤ ወደ ጉድጓዱ ክዳን ዞሬ ያን ጡብ የሚያህል የጣሊያን ጓጉንቸር አየሁ። ለካ ቀበሌ ሌላ ጓጉንቸር አጥቶ የእሳቸውን የውጭ በር ጓጉንቸር ነው የቆለፈበት!

"ሲወርሱኝ ቁልፉን አምጪ አሉኝ፤ ሰጠኋቸው" አሉ ወደ ምስራቸው እየተመለሱ። "ስንት ቁልፍ አለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።"